እስከ መጨረሻው ረድፍ

ተማሪዎቹ «ሹክሹክታ» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ማንም ያውጣለት ማን ግን ልክክ ብሎበታል። ሰውየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማጣቀሻ ክፍሉ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ለጠፋበት ሁሉ በሹክሹክታ ሲመልስ ጠጉሩ ሸበተ። አንድ ተማሪ መጥቶ «ስለ አፈር መሸርሸር የሚያወራ ነገር ፈልጌ ነበር» ሲለው ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ መዳፉን ከአፉ ጎን ያቆማል፣ ከዚያ መጽሐፉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ እንደ ምሥጢር ይነግረዋል። ጠያቂውም ሳይታወቀው ድምፁን ዝቅ ያደርግና ሁለቱ እንደ ሌባ ሲንሾካሾኩ ይቆያሉ። ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ካለ ሹክሹክታ አይቆጣም። ቀና ብሎ ያየዋል፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፣ በቃ። ያቺ ጣት ስንቱን ወሬኛ ጸጥ አሰኝታለች።

ክፋቱ፣ ሰውየው ይህን አመሉን ቢሮ ትቶት አይወጣም። መንገድ ላይም፣ ሱቅም፣ ሐኪም ፊትም ያው ነው። አውቶቡስ ውስጥ መውረድ እንደሚፈልግ በሹክሹክታ እየተናገረ ሰፈሩን አልፎ የተወሰደበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ተናድዶ በእግሩ ይመለሳል እንጂ በሚቀጥለው ቀንም ያው ነው፣ ሹክ ይላል።

ሚስቱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ዕድሜዋን የፈጀችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የሽመና ማሽኖቹ ከጥግ እስከ ጥግ በሚንኳኩበት አዳራሽ። እዚያ ውስጥ ሰው ጆሮ ስር ካልጮኹበት አይሰማም። ሴቶቹ እጃቸው ክር እየቀጠለ፣ ዓይናቸው ጓደኛቸው አፍ ላይ ተተክሎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። እሷም ጡረታ እስክትወጣ እንዲሁ ስትል ኖረች። ቤቷ ገብታም አንድ ማሽን በመሃል ያለ ይመስል «ራት ቀርቧል» ስትል ጎረቤት ሁሉ እጁን ይታጠባል። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው ሁለት ጤነኛ ድምፅ ያገኝ ነበር፣ እያለች ታፌዝባቸው የነበረችው አንድ ልጃቸው ናት። እሷም አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች።

እንዲህም ሆነው ደህና ኖሩ። ሚስት ታወራለች፣ ባል ደግሞ ቀና ብሎ አጠር አድርጎ ይመልሳል፤ ትስቃለች፣ ትሰድበዋለች፣ ቀኑ ያልፋል። ብዙ ትዳር ከዚህ ባነሰ ነገር ይቆማል።

ነገር የመጣው ከዩኒቨርሲቲው ነው። አንድ ቀን ዳይሬክተሯ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያዎች ሰበሰቧቸውና፣ ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ክፍል ገብቶ ያስተምራል አሏቸው። አዲስ ገቢ ተማሪ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ የሰው ጽሑፍ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ሁሉ እንዴት እንደማይታመን ሊማር ነው፤ ይህን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ያስተማረ ደግሞ እንደ መምህራኑ ማዕረግ ያገኛል። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የካታሎግ ክፍሉ ሰውዬ ጉሮሮው እንደሚያመው ተናገረ። የመጽሔት ክፍሏ ልጅ ነፍሰ ጡር መሆኗን የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ አደረገች። ሹክሹክታም ከጥግ ሆኖ «እኔን እንኳ ይለፈኝ» አለ፤ ማን ሰምቶት። ዳይሬክተሯ «ዝም ያለ ተስማምቷል» አሉና ስሙን ጻፉት።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። «በዚህ ዕድሜህ መምህር ልትሆን ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ የፍቅር ነበር፤ እሱ ግን ከነከነው። ሰው በራሱ ሲፈራ በሌላ ያሳብባል፤ እሱም «ሚስቴ አልወደደችልኝም» የምትል ትንሽ ነገር በልቡ አኖረ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆመና ፊቱን አየው። ፊቱ የመምህር ፊት አልመስል አለው። ታሪክ ክፍል ያሉት ጢማም ናቸው፣ ፍልስፍና ክፍል ያሉትማ አይነገርም። እሱም ጺሙን ባይሆንለት ሪዙን አሳደገ፤ ትምህርት ሲጀመር የላይኛው ከንፈሩን ድፍን አድርጎ የሸፈነ፣ ጫፉ ታችኛው ላይ የተኛ ሪዝ ይዞ ብቅ አለ።

የመጀመሪያው ክፍል ጉድ ነው። አዳራሹ ትልቅ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ፣ ማይክሮፎኑ የሞተ። ሹክሹክታ ሌሊቱን ሲዘጋጅበት ያደረውን ትምህርት አንድም ሳያስቀር አወራ። ፊት የተቀመጡት ጻፉ። መሃል ያሉት እርስ በርስ ተጠያየቁ። ኋላ ያሉት ተኙ። ሊጨርስ ሲል ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ረጅም ልጅ ተነሥታ፣ ከክፋት ሳይሆን ከጭንቀት፣ «መምህር፣ እዚህ ጋ እኮ ከጅምሩ ምንም አልተሰማንም» አለችው።

ዕፍረት ጆሮው ድረስ አቃጠለው። ሥራውን ሊመልስ ሁሉ አስቦ ነበር። ያተረፈው የስፖርት ክፍሉ መምህር ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ሲጮህ የኖረ፣ መጽሐፍ ሊዋስ በመጣ ቁጥር የሚያስደነግጠው ሰው። ሹክሹክታ ሲያጫውተው ሳቀና መከረው። ድምፅህን ከጉሮሮህ ሳይሆን ከሆድህ አውጣ፤ ፊትህ ያሉትን እርሳቸው፣ የምታወራው ለመጨረሻው ረድፍ ነው፤ እዚያ ያለችው ከሰማችህ ሌላው ይሰማሃል፤ ራስህን ከመጽሐፍህ ቀና አድርግ። ከዚያም ሰው በሌለበት ሜዳ ዳር አቁሞ አስጮኸው። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ድመት፣ ቀጥሎ እንደ ፍየል ሆኖ ወጣለት። እያደር ግን ከየት እንደመጣ የማያውቀው ወፍራም፣ የሚያምር የወንድ ድምፅ ደረቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘ። ረጅሟ ልጅም ከመጨረሻው ረድፍ አውራ ጣቷን ታሳየው ጀመር።

ይህን ድምፅ ግን ክፍል ሲገባ የሚለብሰው፣ ሲወጣ የሚያወልቀው ካፖርት አደረገው። ሦስተኛ ፎቅ ሲመለስ ያው ሹክሹክታ ነው። ቤቱም እንደዚያው።

ቤቱ ደግሞ ቀዝቅዟል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብትጠይቁት በትክክል አይነግራችሁም። ብቻ ትምህርቱ በተጀመረበት ሰሞን አንድ ማታ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እያረመ ሳለ ሚስቱን የሆነ ነገር አላት፤ እሷ በዚያ የፋብሪካ ድምፅዋ «ምን አልክ?» አለች። ደገመላት። «ምን አልከኝ እኮ ነው የምልህ!» አለች፣ ከፊተኛው ከፍ አድርጋ። እጁ እንደ ልማዱ ሳያስበው ተነሣ፣ ጣቱም ከንፈሩ ላይ ወጣች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ስላረመው ወረቀት ብትጠይቁት ያስታውሳል፤ ስለ ጣቱ ግን በማግሥቱም አላስታወሰም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሚስቱ «ምን አልክ» ማለት ተወች። ይነግራታል፣ ታየዋለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትነሣና ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ሾርባው ጨው እንደበዛበት ቢነግራት ያው ሾርባ ያው ጨው በሚቀጥለውም ቀን ይመጣል። የረጅሟን ልጅ ነገር፣ የስፖርት መምህሩን ነገር አጫወታት፤ አንዴም አልሳቀችለት። ያች ወሬኛ ሴት ራሷም ወሬ ቀነሰች። ቴሌቪዥኑን ግን ከፍ አድርጋ ትከፍታለች፣ ከልጃቸውም ጋር በስልክ ትስቃለች፣ ጎረቤት ስትመጣ ቤቱን ታሞቀዋለች። ስለዚህ ሹክሹክታ ደምድሞ ያዘው፤ ወሬ የተነፈገው እሱ ብቻ ነው። አኩርፋለች። ሲናገር ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለው ማስተማሩን ስላልወደደችው፣ ወይም በእርጅና መጨረሻ ስለሰለቻት ነው። ይህ ሐሳብ አሳረረው። ያለ እሷ ወሬ ያለፈ አንድም ማታ አያውቅም ነበር።

ያኮረፈች ሚስት ያለችው ሰው ምን ያደርጋል? ደፋሩ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ሹክሹክታ ያደረገው ሥራ መጨመር ነው። አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪዎች እንዲያስተምርለት ሲለምነው እሺ አለ። ሆስፒታሉ የሐኪሞቹን ቤተ መጻሕፍት በየቅዳሜው እንዲያደራጅለት ሲጠይቀው ለዚህም እሺ አለ። ሆስፒታሉ ውስጥ መጻሕፍቱ የተቀመጡት ከተሰበሩ አልጋዎች ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሹክሹክታ አቧራቸውን እያራገፈ፣ የልቡን ከልብ፣ የአጥንቱን ከአጥንት መጽሐፍ ጋር እያሰለፈ፣ አንድ ሰው ሳያናግር ይውላል። ደስ ይለው ነበር። ቢያንስ መጻሕፍቱ አያኮርፉም።

ቤት የሚገባው ራት ቀዝቅዞ ነው። እሷም ራቱን አቅርባ፣ እስኪበላ ጠብቃ፣ ሳህኑን ታነሣለች።

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ጠሩትና ወንበር ስበው አስቀመጡት። ራቅ ያለ ከተማ አዲስ ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ሕንፃው አለ፣ መጽሐፍ በሳጥን ተጭኖ ሄዷል፣ የሚያደራጀውና ልጆቹን የሚያስተምር ሰው የለም። እስከሚደራጅ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቤት ይሰጠዋል፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቤት። «እርስዎን ነው ያሰብነው» አሉት። «ከቤተሰብዎ ጋር ይመካከሩና ሰኞ ዕለት ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ሰኞ ከሰዓት ለማዕረጉ የሚገመገሙበት የማሳያ ትምህርትም አለብዎት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን እንጨርስ።» ሹክሹክታ አመስግኖ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሦስተኛ ፎቅ ጠረጴዛው በጉልበትም አይነቀልም ነበር። አሁን ግን ደረጃውን ሲወርድ፣ ልቡ ውስጥ የነበረው «እሷ አትሂድ ካለችኝ እቀራለሁ» የሚል አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ቅር ካለችው ይቀራል። ሂድ ካለችው ትዳሩ ያለቀለት መሆኑን ያውቀዋል፤ ዕቃውን ይሸክፋል።

አርብ ማታ ነገራት። ደግ ነገር ቢሆን ፊቷን እያየ በነገራት፤ ፈራ። ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጋዜጣው ላይ ተክሎ፣ ከሪዙ ሥር ሁሉንም ዘረዘረላት፤ ከተማውን፣ ቤቱን፣ ዓመቱን። መጨረሻ ላይ ቀና አለና «ታዲያ ልሂድ?» አላት። ሚስቱ የምትሰፋውን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች አየችው። ደከም ባለ ሁኔታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

በቃ። ሂድ ብላዋለች፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም። መቼ ትመለሳለህ የለ፣ ማን ያበስልልሃል የለ። ሹክሹክታ ጋዜጣውን አጠፈው። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ተሰማውና እንዳታየው ወደ መኝታ ቤት ገባ። ቅዳሜ ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ፤ አቧራውን ጠርጎ ኮሪደሩ ላይ አቆመው። እሷ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ አየችው። ሻንጣውን በእግሯ ጠጋ አድርጋ መንገዷን አስተካከለችና አለፈች። ይህም ገባው፤ እንዲያውም ከአርቡ ይልቅ ይህ ጎዳው።

እሑድ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው፣ የትምህርት አዳራሾቹም ዝግ ናቸው። የሰኞው ማሳያ ትምህርት ግን አለ። የስፖርት መምህሩ፣ ሳትለማመድ እንዳትገባ ብሎ አስጠንቅቆታል። ሹክሹክታም ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ መሃል ቆመ። ሶፋውን የፊተኛው ረድፍ፣ የምግብ ጠረጴዛውን መሃለኛው አደረገው። የመጨረሻው ረድፍ የጓዳው በር ሆነ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሚስቱ ከውስጥ ድንች ትልጣለች። ማፈሩ አልቀረም። ግን ሊሄድ ለተነሣ ሰው ምን ዕፍረት አለው ብሎ፣ አየሩን እስከ ሆዱ ስቦ ጀመረ።

«ተማሪዎች፣ መጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ምን እንደምትፈልጉ እወቁ» አለ። ድምፁ ከግድግዳው ደርሶ ተመለሰ። መስኮቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ጓዳ ውስጥ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

እሱ ቀጠለ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥተው፣ ስለ ባቡር የሚያወራ መጽሐፍ እንደጠየቁት ተረከ። የባቡር ሞተር መጽሐፍ አመጣላቸው፤ አይደለም አሉ። የባቡር ሐዲድ ታሪክ አመጣላቸው፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው ይህም አይደለም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሰላችቶ ይሸኛቸው ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ ለመሆኑ መጽሐፉን ቢያገኙት ምን ያዩበታል ብሎ ጠየቃቸው። የድሮውን ጣቢያ ፎቶግራፍ አሉት። ከጣቢያው ደግሞ ከትኬት መሸጫው መስኮት ኋላ የተቀመጠውን ሰው።

ትንፋሹን ሰበሰበና ዓይኑን ወደ መጨረሻው ረድፍ አነሣ። «እንግዲህ ንገሩኝ፤ እኒህ ሰው ሲፈልጉ የነበሩት ምንድን ነው?»

«አባታቸውን ነዋ» አለች ሚስቱ።

የጓዳው በር ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ግማሹ የተላጠ ድንች፣ በሌላው ቢላዋ ይዛለች። ሹክሹክታ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ትዝም አላለው። መልስ መስጠቷ ነው ያፈዘዘው። እሷም ትክ ብላ ታየዋለች፣ ሰውየውን ገና አሁን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አስመስላ።

«ሰው የመጣ መስሎኝ ነው የወጣሁት» አለች ቀስ ብላ። «የማን ድምፅ ነው ብዬ። ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ የት ነበር እስከ ዛሬ?»

 ክፍል ውስጥ የማስተምርበት ነው ሊላት ፈለገና በልማዱ ዝቅ አድርጎ ጀመረው። እጇን ከነቢላዋዋ አነሣች። «ይኸው፣ እንደገና ጠፋህ» አለች። «እንዳሁኑ አውራኝ።»

ያኔ ነገሩ ብልጭ አለለት። ከሆዱ ስቦ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ለመጨረሻው ረድፍ በሚናገርበት ድምፅ ጠየቃት፤ እስከ ዛሬ ሳወራሽ አትሰሚኝም ነበር ወይ አላት። አይሰማኝም አለችው። ጎረቤቷን ትሰማለች፣ ልጇን ትሰማለች፣ ሁሉም ሰው ደህና አድርጎ ያወራል። እሱን ግን አፉን አይታ ነበር ስትረዳው የኖረችው፤ ፋብሪካ ውስጥ እንደለመደችው። ይህንንም እሷ ራሷ ያወቀችው ሪዙን ካሳደገ ወዲህ ነው። ከንፈሩ ተሸፈነ፣ እሱም ጠፋ። ሪዙ ሲነቃነቅ ታያለች እንጂ ቃል አይመጣላትም። ማውራት ትቶ ለራሱ የሚያጉተመትም ነበር የመሰላት።

«ታዲያ ለምን ምን አልክ አትይኝም?»

«ብዬህ አልነበር?» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ብዬህ እንዲህ አላደረግከኝም?» ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ልክ እሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያደርገው። «በገዛ ቤቴ እንደ ተማሪ ዝም በይ አልከኝ። መምህር ስትሆን አፈርክብኝ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

ሹክሹክታ እንዲህ ያለ ነገር አላደረግኩም ሊል አፉን ከፈተ። አላስታወሰውም። ግን ጣቱን ያውቃታል፤ ስንት ጊዜ ሳይጠይቃት እንደምትነሣ ያውቃል። አፉን መልሶ ዘጋው።

እሷ ድንቹን አሁንም እንደያዘች ሶፋው ላይ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ተቀመጠች። «እና ያ ሻንጣ ምንድን ነው?» አለች። «ጥለኸኝ ልትሄድ ነው? ከትናንት ጀምሮ አፌ ላይ ነው፤ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩህ።»

ለካ አርብ ማታ ያን ሁሉ የዘረዘረው ለጋዜጣው ኖሯል። ራሷን የነቀነቀችው የሚለው ስላልገባትና እንደገና መጠየቅ ስለሰለቻት ነው። ሹክሹክታ አሁን ፊቷን እያየ ቆመ። በዚያው በክፍሉ ድምፅ፣ አንድም ሳያስቀር እንደገና ነገራት፤ ሩቁን ከተማ፣ መጽሐፍ የሞላውን ሳጥን፣ ለአንድ ሰው የምትበቃዋን ቤት፣ ሁለቱን ዓመት። የማታውን ኮሌጅና የሆስፒታሉን ቅዳሜም ለምን እሺ እንዳለ ነገራት። «ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነው። ቤቱ ያላንቺ ወሬ አስጠላኝ» አላት። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ላይኛው ፎቅ የነበረው የእግር ኮቴ ጸጥ አለ፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ግድ አልሰጠውም።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለ።

ሚስቱ ሳቀች፣ ያንን ሆድ የሚያስይዘውን ሳቅ፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር። «ጓዳ ድረስ ተሰምቷል» አለች። «ቅር። የትም አትሄድም። ደግሞ ይቺን ነገር ከአፍህ ላይ አንሣልኝ።»

ያን ማታ ሪዙን ላጨው። መስታወቱ ውስጥ ብቅ ያለው ከንፈር ብርድ የመታው ዶሮ መስሎ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ፣ የዓመቱን ወሬ ከመጀመሪያው አስወራችው። የረጅሟን ልጅ፣ የስፖርት መምህሩን፣ እንደ ፍየል የጮኸበትን ቀን። ለሁሉም ሳቀችለት። የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለመናት፤ እሄዳለሁ አለች፣ አንተ እንደሰው ካወራህ ግን ምን ቸገረኝ ብላ ጨመረችበት።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ ዳይሬክተሯ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ዳይሬክተሯ ጠጋ ብለው፣ የቦታው ልማድ ነውና በሹክሹክታ፣ ምን ወሰኑ አሉት። ያ ስብሰባ ትዝ አለው፣ ጥግ ሆኖ የተናገረው፣ ማንም ያልሰማው። ዛሬ እንዳይደገም ብሎ ቀና አለና፣ ሆዱ ድረስ ተነፈሰና፣ «አልሄድም። ሚስቴ አትሂድ ብላኛለች። የማታ ኮሌጁንም ትቼዋለሁ። እዚህ ማስተማሬን ግን እቀጥላለሁ» አለ።

ክፍሉ ሁሉ ቀና አለ። ዳይሬክተሯ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ተሰማ፣ ተሰማ» አሉ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው።

ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ተማሪ፣ ሹክሹክታን ዞር ብሎ እንኳ በደንብ ሳያየው፣ የተናደደ ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ሹክሹክታ ባለበት ደርቆ ቀረ። ተማሪው ምንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ በሚቀጥለው ደቂቃ ማድረጉንም አያስታውሰውም። ይህን ከማንም ይበልጥ ሹክሹክታ ያውቃል። ሆኖም ነገሩ ደረቱ ላይ እንደ ጥፊ አረፈበት፤ አንድ ቃል የሌላት፣ በቃ አትፈለግም የምትል ጥፊ። እሱ ይህን የቀመሰው ከማያውቀው ሰው ነው፤ እሷ ግን በገዛ ቤቷ፣ ከባሏ።

ዳይሬክተሯን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ደረጃው ወጣ። ስልኩን አውጥቶ ቤት ደወለ። ስታነሣው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያቺን ጣት አሁን እንዳስታወሳት፣ እንዳጠፋ፣ ይቅር እንድትለው ነገራት። ደረጃ ይወጡ የነበሩ ተማሪዎች እያዩት ጥጉን ይዘው አለፉ።

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለች። ዝምታዋን አሁን አልፈራውም፤ ጠበቃት።

«ሰማሁህ» አለች ኋላ። «ስትመጣ ድንች ይዘህ ና፤ የትናንቱ በወሬ ተበላሸ።»